ለምግብ ወዳድ ቡድን የጣና ጀልባ ጉዞ፦ ዘጌ፣ ደቅ፣ ጎርጎራ ወይስ ከባሕር ዳር ሳይርቁ?

ባሕር ዳር ወደቡ አካባቢ ጀልባ የሚፈልግ ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ስንት ናችሁ፣ የትኛውን ገዳም ነው የምታዩት፣ በስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ። ምሳ ምን እንደምትበሉ የሚጠይቅ የለም። የጣና ጉዞ የሚሸጠው በገዳማቱ ስም ስለሆነ ምግብ «ከተማ ስትመለሱ ትበላላችሁ» ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ ሆኗል። ለመብላት ብላችሁ የምትመጡ ከሆነ ግን ምርጫውን ከዚያው መጀመር ይሻላል። ድስቱ የሚጣደው የት ነው? የሚሠራውስ ማን ነው? ጀልባው አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ጥላው ሸራ ይሁን ቆርቆሮ፣ ኋላ የሚታይ ነው።

የማወዳድራቸው ጉዞዎች ከስድስት እስከ አሥር ሰው ለሚሆን ቡድን የሚመቹትን ነው። ከዚያ በላይ ስትሆኑ ዘጌ ላይ የሚቀበላችሁ ቤት ይጠባል፣ ዓሣ የሚጠብሰውም ለሁሉም እኩል ትኩስ ማድረስ ያቅተዋል፤ የመጀመሪያዎቹ በልተው ሲጨርሱ የመጨረሻዎቹ ገና ሎሚ እየጨመቁ ይጠብቃሉ። ከአራት በታች ከሆናችሁ ደግሞ ኪራዩ ይከብዳችኋል፤ የሚከፈለው ለጀልባው እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ጸጥታውን አጣሩ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሣ ዛሬ ክፍት የሆነ መስመር ነገ ሊዘጋ ይችላል። የምታነጋግሩት ሰው ባሕር ዳር የሚኖርና በዚያው ሳምንት ሐይቁ ላይ የወጣ ይሁን። ከታች የምመርጥላችሁ ሁሉ መንገዱ ሰላም ከሆነ ብቻ ነው።

ጀልባ ላይ ይበሰላል ለሚሏችሁ

አንዳንድ አዘጋጆች «ምሳ ጀልባ ላይ» ይላሉ። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ግን ጣናን ማወቅ ያስፈልጋል። ከደቡብ እስከ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋ ውኃ ሆኖ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉም ጀልባውን ከጎን መምታት ይጀምራል። በዚያ ሰዓት ቡታጋዝ ላይ ዘይት አግሎ ዓሣ የሚጠብስ ሰው ካገኛችሁ ሩጡ።

ስለዚህ «ጀልባ ላይ ምሳ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ከተማ ተሠርቶ በዕቃ የተጫነ ምግብ ማለት ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ምን ተሠርቶ እንደተጫነ ላይ ነው። ጠዋት የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ሰባት ሰዓት ላይ ሲበላ ቆዳው እንደ ጎማ ይሳባል። የቋንጣ ፍርፍር ግን ሲቆይ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ዶሮ ወጥም እንዲሁ፣ ወፈር ብሎ የተሠራ ሽሮም። አያቶቻችን በአገልግል ሲጓዙ ምን እንደሚይዙ ያውቁ ነበር፤ የተጠበሰ ዓሣ አልነበረም። አዘጋጁን «ጀልባ ላይ የምታቀርቡት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁትና ዓሣ ጥብስ ካለ ወደሚቀጥለው እለፉ።

የግማሽ ቀኑ፦ ደብረ ማርያም፣ የአባይ መውጫ እና ዓሣ

ለብዙ ቡድን የሚበቃው ይህ ነው፤ ሰው ግን አጭር ስለሆነ ይንቀዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትነሣላችሁ፣ ደብረ ማርያም ደሴት ቅርብ ነው፣ ከዚያ አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ትሄዳላችሁ፤ ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬ ታያላችሁ። አራት ሰዓት ተኩል ሳይሆን ተመልሳችሁ ሐይቅ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች አንዱ ላይ ትቀመጣላችሁ። ምግቡ ጀልባው ላይ ስለሌለ ከምግብ ጉዞ አይቆጠርም የሚሉ አሉ። አልስማማም። በዚህ ጉዞ ብቻ ነው ዓሣው ከመረብ ወደ ዘይት የሚገባው በሰዓታት ውስጥ የሆነው፤ ጀልባው የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ምድጃው መሬት ላይ ይጠብቃችኋል።

ዓሣ ቤት ስትገቡ የምትመርጡት ከሦስት ነው።

ቀረሶ ለጥብስ የተፈጠረ ነው። ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ በብዙ ዘይት፤ ጭንቅላቱን ለሚወደው ሰው አቆዩለት። በዳጣ፣ በስንግ ቃሪያና በሎሚ ይበላል። እንጀራውን ጥቂት አድርጉት፣ ዓሣውን በእጅ ነው የሚበሉት።

አምባዛ ቅባት አለው፣ ሥጋው ወፍራም ነው፤ ለጉላሽና ለወጥ ይሆናል። ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ለቡድን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። አስተናጋጁ «ዓሣ ጉላሽ» ብሎ ብቻ ካቀረበላችሁ የምን ዓሣ እንደሆነ ማወቅ መብታችሁ ነው።

ነጭ ዓሣ አጥንቱ ብዙና ቀጭን ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ከትፈው ዱለትና ኮተሌት የሚያደርጉት፤ የዓሣ ዱለት በደንብ ሲሠራ ከቀረሶ ጥብስ አስበልጠው የሚወዱት አሉ፣ እኔም አንዱ ነኝ። ግን አንድ ነገር አለ። የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ዝርያዎች ያሉበት ዘር ነው። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፣ መረብም እዚያው ወንዝ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሐይቁ ላይ ከገባ ወዲህ ቁጥራቸው በእጅጉ ቀንሷል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከመጣችሁ ዱለቱን ተዉት፣ ቀረሶ እዘዙ። ከኅዳር በኋላ ግን ዱለቱን በነፃ ልብ ብሉ።

ትኩስ ዓሣ ለመለየት ዓይኑ ጎላ ያለና የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ መሆኑን ተመልከቱ፤ ከመጠበሱ በፊት አሳዩን ማለት አያሳፍርም። ጥሬ ዓሣ ግን፣ የቱንም ያህል ትኩስ ቢሆን፣ አልመክርም፤ የሐይቅ ዓሣ ውስጥ ጥገኛ ትል ይኖራል፣ እሳት ነው የሚገድለው።

ዘጌ፣ ሙሉ ቀን

አንድ ጉዞ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። ምክንያቱ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሥዕሎች ብቻ አይደሉም። ዘጌ የራሷ የሆነ ምግብና መጠጥ ያላት፣ ያም ከመሬቱ ሕግ የመጣ ቦታ ስለሆነች ነው።

ዘጌ ላይ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ተከሉና ቡናና ጌሾ በቀሉላቸው፤ ሕዝቡም ከዚያ በኋላ በሬ ሳይጠምድ እንዲኖር ሆነ። ታሪኩን እንደ ታሪክ ውሰዱት፣ ውጤቱ ግን ዓይናችሁ ፊት ነው፦ ደኑ አልተመነጠረም፣ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፣ ለእንጀራ የሚሆነው ጤፍ ደግሞ በቡና ገንዘብ ተገዝቶ ከውጭ ይገባል። ስለዚህ ዘጌ ስትደርሱ የእንጀራውን ጥራት ሳይሆን ቡናውንና ጠላውን ነው የምትገመግሙት። ጌሾው ከግቢው ነው።

ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከወረዳችሁ በኋላ ነው። አንደኛው ዓይነት ጉዞ ገዳም አሳይቶ፣ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫዎቹ አጠገብ ቡና አጠጥቶ ይመልሳችኋል። ሁለተኛው አስቀድሞ በአካባቢው አስጎብኚ በኩል አንዲት እናት ቤት ተነግሮ፣ ምሳም ቡናም እዚያው ይሆናል። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም፤ ጉዞው ግን ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ሽሮው በሸክላ ድስት ይመጣል፣ ጎመኑ ገና ከጓሮ ነው፣ ዓሣ ወጥ ካለ ደግሞ በበርበሬ ቀይ ሆኖ ይቀርባል። የምግብ ዝርዝር አትጠይቁ፣ የተሠራውን ብሉ። ስትነሡ «እትዬ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው» ማለት ከጉርሻ ገንዘቡ ይቀድማል፤ ገንዘቡንም አትርሱ፣ ለእሳቸው በእጃቸው ስጡ እንጂ «ከአስጎብኚው ጋር ተያይዟል» በሚል አትለፉት።

ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሆኖ እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ ጀበናው ሲጣድ አብሮ የሚቆጠር ነው። መርሐ ግብሩ ላይ «ቡና 20 ደቂቃ» የሚል ካያችሁ አዘጋጁ ቡና የሚያፈላ ሰው አያውቅም። ቡና የሚለቀመው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ከመጣችሁ በየደጁ የተሰጣ ታያላችሁ። መግዛት ከፈለጋችሁ ጥሬውን ግዙ። ተቆልቶ የሚሸጠው መቼ እንደተቆላ አይታወቅም፣ ቤታችሁ ስትደርሱ ሽታው ግማሽ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሙቀቱ ሲበረታ ውኃው ዳር እግር መንከር ያምራል። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት። አትግቡ፤ ሰላጣም በሐይቅ ውኃ ታጥቦ እንዳልሆነ ጠይቁ።

ክብራን ገብርኤልን በመንገድ ላይ እናሳያችሁ የሚሉ አሉ። ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው። ቡድናችሁ ድብልቅ ከሆነ ግማሹ ወርዶ ግማሹ ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይቆያል፣ የዘጌው ምሳም ይዘገያል። ዝለሉት።

ደቅና ናርጋ፣ አንድ ሌሊት ማደር

ደቅ ከሐይቁ ደሴቶች ትልቁ ነው፤ እንደ ጀልባው ፍጥነት ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ እዚያ ነው፣ ሴትም ወንድም ይገባል። አጠገቡ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ነው፤ እዚያ ግን ወንዶች ብቻ።

ስለ ምግቡ እውነቱን ልናገር፦ እዚህ የምትበሉት ያመጣችሁትን ነው። ሆቴል የለም፣ ድንኳን ትተክላላችሁ፣ አብሳይ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ የዚህ ጉዞ ጥራት ሙሉ በሙሉ በአብሳዩ ይወሰናል። አዘጋጁ «ሹፌሩ ያበስላል» ካላችሁ ሹፌሩ ጀልባ ነው የሚያውቀው፤ እራታችሁ ፓስታ ነው። አብሳይ ለብቻው መቀጠሩን፣ ከሰልና ማንደጃ መጫኑን፣ ሁለተኛው ቀን ቁርስ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ድርቆሽ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ የያዘ አብሳይ ሥራውን የሚያውቅ ነው። ደሴቱ ላይ ከአስጋሪ ዓሣ ገዝቶ ማታ በፍም ላይ መጥበስ ከተቻለ ጉዞው ከፍ ይላል፤ ያ ግን ተስፋ እንጂ ውል አይደለም፣ በእርሱ ተማምናችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የአካባቢው የዳጉሳ እንጀራ ከቀረበላችሁ አትለፉት፤ ጥቁር ነው፣ ከጤፉ ይከብዳል፣ ከሽሮ ጋር ግን ይስማማል።

ወባ አለ፣ አጎበር ያዙ።

ይህን የምመክረው ሰማይና ጸጥታ ለሚፈልግ ቡድን ነው። ዋና ዓላማው ሆድ ከሆነ ለገንዘቡ ዘጌ ሁለቴ መሄድ ይሻላል።

እስከ ጎርጎራ

ሙሉ ሐይቁን አቋርጦ ሰሜን ጫፍ መውጣት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ነዳጁ ከሁሉም ውድ ያደርገዋል። ዋጋውን የሚያካክሰው ጎርጎራ ስትደርሱ የምታገኙት የደምቢያ አገር ምግብ ነው። የደምቢያ ሽምብራ ስም ያለው ነው፣ ሽሮውም እንዲሁ፤ ከገብስና ከጌሾ የሚጠመቀው ኮረፌም የዚያ አገር መጠጥ ነው። ኮረፌ ጀምራችሁ የማታውቁ ከሆነ ምሽት ላይ፣ ጉዞ በሌለበት ሰዓት ቅመሱ። ማደሪያ አለ፣ በገበታ ለሀገር የተሠራውን ሪዞርት ጨምሮ፤ ሪዞርቱ ውስጥ ብቻ ከበላችሁ ግን ለምን በጀልባ ደከማችሁ?

በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ አረም ይበረታል። ነፋስ ሲገፋው አንዳንድ ጊዜ ማረፊያዎችን ይዘጋል፣ የጀልባውንም ሞተር ያንቃል። አረሙ በዚያ ሳምንት የት እንዳለ ሹፌሩን ጠይቁት። ሲመለሱ ደግሞ በጀልባ አትመለሱ፤ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ በመኪና ሄዳችሁ ከዚያ ቀጥሉ። የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባውም ይህን መስመር ይሠራል፤ ርካሽ ነው፣ ስንቃችሁን ይዛችሁ ከመንገደኛ ጋር መጎራረስ የምትወዱ ከሆነ ደስ ይላል። የምግብ ጉዞ ብዬ ግን አልሸጥላችሁም። ከጅቡቲ በየብስ ተጓጉዛ የመጣችው ጣና ነሽ ሁለትም ለብዙ መንገደኛ የታሰበች መርከብ እንጂ ለስምንት ሰው ምሳ አይደለችም።

በነገራችን ላይ፣ ሐይቁን ከምሥራቅ በኩል የሚያዋስነውን ፎገራን የሚያስታውስ የጀልባ አዘጋጅ የለም። ሩዝ የሚበቅልበት ሜዳ ነው፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ የሚጋገረው የሩዝ እንጀራ ነጭና ለስላሳ ነው። በጀልባ ሳይሆን በመኪና ወረታ ድረስ ሄዶ መቅመስ ይቻላል፣ ሁለተኛ ቀን ለሚተርፋቸው።

ቀኑን መምረጥ

ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ፣ በነቢያት ጾምና በፍልሰታ የምትመጡ ከሆነ የቡድኑን ሰው አንድ በአንድ ጠይቁ። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፣ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ይለያያል። የማይበላው ሰው ሽሮና በያይነቱ ይፈልጋል፤ ቅቤ ያልነካው ድስት መሆኑንም ማረጋገጥ ይፈልጋል። ሁዳዴ ላይ ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይወደዳል፣ ጥሩው ቀረሶም ቀድሞ ያልቃል።

በፍስክ ቀንም ቢሆን ዓሣ የሚያመቸው ሌላ ቡድን አለ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ሲጓዙ የሥጋ ነገር ሁለት ድስት ይጠይቃል፤ ዓሣ የማን እጅ አረደው አይባልም፣ ከአንድ ትሪ ይበላል። ለመሥሪያ ቤት ጉዞ የግማሽ ቀኑን የምመርጠው በዚህም ምክንያት ነው። ገዳም ግቢ ውስጥ ደግሞ ምግብ ዘርግቶ መብላት አይሆንም፤ ጀልባው ማረፊያ ላይ ወይም መንደሩ ውስጥ ይሁን።

ከመክፈላችሁ በፊት

ዋጋ ሲነገራችሁ ምን ምን እንደያዘ ለይታችሁ ጠይቁ፦ ጀልባ፣ ነዳጅ፣ አስጎብኚ፣ የገዳም መግቢያ፣ ምሳ፣ ውኃ። «ሁሉም አለበት» የሚል መልስ መልስ አይደለም። በሰው ቁጥር ልክ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ሳትነሡ በዓይናችሁ እዩ፤ ወንበሩ ሥር አለ ከተባላችሁ ወንበሩን አስነሡ። መነሻችሁ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ፤ ለዘጌ ከስምንት ሰዓት በፊት መመለሻውን ተነጋገሩ፣ ነፋሱ ከፊታችሁ እንዳይሆን። ቀብድ ከሰጣችሁ ደረሰኝ ወይም ቢያንስ በስልክ የተጻፈ መልእክት ይኑራችሁ፤ ጀልባው በነፋስ ምክንያት ባይነሣ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይዛወራል የሚለውም እዚያው ይጻፍ።

ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ለአብሳዩ ወይም ለዓሣ ቤቱ ደውሉ። ሌሊት ነፋስ ከበረታ አስጋሪዎቹ መረብ ላይጥሉ ይችላሉ፣ ጠዋትም ቀረሶ ላይገኝ ይችላል። ማታውኑ ከሰማችሁ ዶሮ ለማሳረድ ወይም ሽሮውን ለማብዛት ጊዜ አለ፤ ጠዋት ወደቡ ላይ ከሰማችሁ ግን የተረፈ አምባዛ ጉላሽ ነው የሚጠብቃችሁ።